መጣሁ ያለችው ጭራቅ

በዚህ አገር ብዙ ስም ወጥቶልኛል። የመጀመሪያዋ ማዳሜ ስሜን መያዝ ሲያቅታት ከኔ በፊት የነበረችውን ልጅ ስም አወረሰችኝ። ሁለተኛዋ ስም አላስፈለጋትም፤ ታጨበጭብ ነበር። ጭራቅ የተባልኩት ግን ዘንድሮ ነው፤ ያውም በኢንተርኔት፣ ከየአገሩ በተሰበሰበ ሰው አፍ። እኩዮቼ ጡረታ ሲወጡ እኔ ጭራቅ ሆኜ ተቀጠርኩ።

ይህን የምጽፈው ማንንም ለማስቀየም አይደለም። የሚቀየም ካለ ግን ይቀየም፤ እኔ ስቀየም ማን ጠየቀኝ? ስማቸውን የማልጠራቸው ሰዎች አሉ፤ እነሱ ራሳቸውን ያውቃሉ። ስሟን የምጠራት አንዲት ሴትም አለች፤ ዘይነባ ትባላለች። እደርስባታለሁ። አትቸኩሉ፣ እኔ ስንት ዓመት ጠብቄያታለሁ።

የምሠራው ኩዌት፣ ሪቃይ የሚባል ሰፈር ነው። ማዳም ክፉ አይደለችም፤ ከዚህ በላይ ስለ እሷ አልናገርም፣ ገና እዚያው ነው ያለሁት። ባባ፣ ማለትም ባለቤቷ፣ ራይ በሚባለው የሱቆች ሰፈር የመታጠቢያ ቤት ዕቃ መሸጫ አለው። ሴራሚክ፣ ገንዳ፣ የሽንት ቤት መቀመጫ፣ ሁሉም በመስታወት በኩል እንደ ሙሽራ ተደርድሮ ይታያል። ልጃቸው ኑራ ናት። ኑራን እኔ ነኝ ያሳደግኳት ብዬ አልመጻደቅም። ያሳደጓት ወላጆቿ ናቸው። እኔ ጸጉሯን አበጥሬያለሁ፣ ትኩሳት ሲይዛት አጠገቧ ተቀምጫለሁ፣ የምትጠላውን ሽንኩርት ከምግቧ ለይቼ አውጥቻለሁ። ከዚያ ያለፈ ነገር በመካከላችን የለም። እሷ ግን ኻላ ትለኛለች፤ አክስቴ ማለቷ ነው። ልከለክላት አልችልም።

ይህች ልጅ የኮምፒውተር ትምህርቷን ጨርሳ ጌም እሠራለሁ አለች። ባባ ለረጅም ጊዜ የገባው ጌም እየተጫወተች እንደሆነ ነው። ማለዳ ክፍሏ ገብታ፣ አንዱ ቱኒዚያ አንዱ ማሌዢያ ከሚኖሩ ሁለት ጓደኞቿ ጋር በስክሪን እያወራች ትውላለች። ምሳ ሳደርስላት ስለ ሥራው ትነግረኝ ነበር። ባሕር ውስጥ የሰመጠ ትልቅ የድሮ ቤት አለ። ሰዎች ካሉበት አገር ሆነው በስልካቸው ይገባሉ፣ ፋኖስ ይሰጣቸዋል፣ ክፍል ለክፍል እየተፈላለጉ ወደ ጣሪያው ይወጣሉ። ሰይፍ የለም፣ ጠመንጃ የለም፣ ነጥብ የለም። ፋኖሱ የጠፋበት ሰው ከሌላው ፋኖስ ይለኩሳል። እርስ በርስ ማውራት፣ መቀመጥ፣ እጅ ማውለብለብና ፋኖስ መዘርጋት ብቻ ይቻላል።

"እንዲህ ያለ ነገር ማንም ሞክሮ አያውቅም፣ ኻላ" አለችኝ።

ለምን እንዳልሞከሩት ገብቶኝ ነበር።

አንድ ቀን፣ ጌም የሚባል ነገር ነክቶ የማያውቅ ሰው ያስፈልገኛል፣ ሰው የት ላይ እንደሚደናገር ማየት አለብኝ አለች። ኩዌትን ብትዞሪ ከኔ የተሻለ አታገኚም አልኳት። አሮጌ ታብሌቷን ሰጠችኝና ወጥ ቤት ተቀምጬ ገባሁ።

ቤቱ ያምራል። ግን ምን አየሁ? ባዶ ክፍል ውስጥ መብራት። አንድ ክፍል፣ ሁለት ክፍል፣ ሁሉም ጋ ግድግዳው ላይ ፋኖስ ቦግ ብሎ ይነድዳል፣ ሰው ግን የለም። በሮቹ ደግሞ ወለል ብለው ተከፍተዋል። እናንተ ዕድሜያችሁን ሙሉ "መብራቱን ማን ተወው?" ሲባል አልሰማችሁም። እኔ ሰምቻለሁ፤ ያቺ የምታጨበጭበው ማዳም ለመብራት የተለየ ጭብጨባ ነበራት። ስለዚህ አንዱን ፋኖስ ነካሁት፣ ጠፋ። ደስ አለኝ። ወደ ቀጣዩ ሄድኩ፣ አጠፋሁ፣ በሩን ዘጋሁ። ቤቱን ከዳር እስከ ዳር አዳረስኩት። ከኋላዬ አንዳንድ ሰዎች በማላውቀው ቋንቋ ይጮኹ ነበር፤ እያመሰገኑኝ መስሎኝ እጄን አውለበለብኩላቸው።

በማግስቱ ያ ቱኒዚያዊ ለኑራ ደወለ። ሊሞክሩት የገቡ ወዳጆቹ አንድ ጭራቅ እየተከተለ መብራት ያጠፋብናል፣ በር ይዘጋብናል፣ ከዚያ ዞሮ ይሰናበተናል እያሉ ነው አለ። ጭራቅ አልሠራንም፣ ከየት መጣ? ሦስቱም ጥፋቱን ፍለጋ ኮምፒውተራቸውን ሲበረብሩ ሰነበቱ። በመጨረሻ ኑራ ወጥ ቤት መጥታ በር ላይ ቆመች። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር።

"ኻላ፣ መብራት አጥፍተሻል?"

"ታዲያ ለማን ይብራ?" አልኳት።

ሳቀች። እስክትቀመጥ ሳቀች፤ ወለሉን ገና ወልውዬው ነበርና ተቆጣሁ። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። ጌሙ የጎደለው ይሄ ነው አለች። እስካሁን ሰዎቹ ፋኖስ ቢኖራቸውም የሚያጠፋባቸው ስላልነበረ አይፈላለጉም ነበር፤ ትንሽ ዞር ዞር ብለው ይወጣሉ። አሁን ጭራቋን ፈርተው ይሰባሰባሉ። ጭራቋም እኔ እንድሆን ፈለገች። ክብሬን አስከበርኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ ጭራቅ አልሆንም አልኩ። ትንሽ ቆይቼ ጭራቋ ምን ዓይነት ቀሚስ ነው የምትለብሰው ብዬ ጠየቅኳት። ጥቁር፣ እስከ መሬት የሚደርስ፣ ጫፉ የሚያብለጨልጭ አለችኝ። ተስማማሁ። ስሜንም ኡም ዘላም አለችኝ፤ የጨለማ እናት። ካወረሱኝ ስሞች ይሻላል።

ነገሩ ጨዋታ መሆኑ ያበቃው በአንድ የምሳ ሰዓት ነው። ባባ ትዕግሥቱ አለቀ። ለኑራ እንዲህ አላት፤ አርብ ወዳጆቼ ዲዋኒያ ይመጣሉ (ዲዋኒያ ወንዶቹ እንግዳ የሚቀበሉበት ክፍል ነው)፣ በትልቁ ቴሌቪዥን ጌምሽን እናያለን። ከከሰዓቱ የዐሱር ሶላት እስከ ፀሐይ መግቢያው መግሪብ ሰዎቹ ሳይበተኑ ከቆዩ፣ ሥራሽ ሥራ ነው፣ ሁለተኛ አልናገርሽም። ቤቱ ባዶ ከቀረ ግን እሑድ ጠዋት ራይ መጥተሽ ደንበኛ ታስተናግጃለሽ። ኑራ እሺ አለች። ባሕር ውስጥ ቤት የሠራች ልጅ ዕድሜዋን የሽንት ቤት መቀመጫ ስታስመርጥ ታየኝ። ለኔ ምኔም አይደለም። ብቻ የዚያን ቀን ሩዙ አረረብኝ።

ጭንቀቷ ሰው ነበር። የጓደኞቿ ወዳጆች ጥቂት ናቸው፣ እነሱም ቶሎ ይሰለቻሉ። እኔ ደግሞ በስልኬ የአበሻ ሴቶች ግሩፕ አለኝ። በርበሬ የሚሸጥበት፣ አገር የምትገባ ልጅ ሻንጣዋን የምታስታውቅበት ነው። ታምሜ ስተኛ አንዲትም ሰው ያልደወለችልኝ ግሩፕ ነው፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም። ቢሆንም ድምፄን ቀድቼ ላክሁ። አርብ ከዐሱር በኋላ የማዳሜ ልጅ ዝግጅት አላት፣ በስልክ ነው፣ ከወጥ ቤታችሁ ሳትወጡ መግባት ትችላላችሁ፣ መስተንግዶ የለም አልኩ። ጭራቋ እኔ እንደሆንኩ አልነገርኳቸውም። ሰው ሁሉንም ካርታ አይገልጥም።

ኑራ ደግሞ ጭራቋ የምትናገረው አንድ ቃል ያስፈልጋታል አለች። ሰው የማያውቀው ቋንቋ ቢሆን ይበልጥ ያስፈራል፤ በናንተ ቋንቋ "ጃያ" በይልኝ አለች። በአረብኛ እየመጣሁ ነው ማለት ነው። በኛ ቋንቋ "መጣሁ" ነው አልኩና ማይኩ ላይ አልኩላት። ድምፄን አወፍራው ከበርሜል ውስጥ እንደሚወጣ አደረገችው። አንድ ቁልፍ ስነካ ያ በርሜል "መጣሁ" ይላል። ሌላ ቁልፍ ተጭኜ ብናገርም እንደዚያው በርሜል ሆኖ ይወጣል፤ እሱን ግን እንዳትነኪው ብላኛለች።

ቃሉን ስናገር አፌን መረረኝ። አሁን ዘይነባ ላይ ደረስን።

ድሮ ፊንጣስ፣ ባሕሩ አጠገብ አንድ ቤት ውስጥ ከዘይነባ ጋር አብረን እንሠራ ነበር። የወሎ ልጅ ናት፣ በዕድሜ ታንሰኛለች፣ ፈጣን፣ ሳቂታ። አንድ አልጋ ላይ ተኝተን፣ አንድ ሰሃን ላይ በልተናል። አንድ ቀን ቆሻሻ ልትጥል ወጣች። በሩ ላይ ዞራ "መጣሁ" አለች። እኔም "ቶሎ ነይ" አልኳት። ምሳዋን ከድኜ አስቀመጥኩ። ማዳም ስትጠይቀኝ ሽንት ቤት ናት አልኩ። ከሰዓትም ሽንት ቤት ናት አልኩ። ሲመሽ ማዳም "ይህቺ ልጅ እዚያ ነው እንዴ የተወለደችው?" አለችኝ። ከዚያ በኋላ የሁለት ሰው ልብስ የምተኩስ፣ የሁለት ሰው ደረጃ የምወለውል እኔ ሆንኩ። ቆይቶ ሰማሁ፤ ጥቂት ሕንፃዎች አልፎ አንዲት አሮጊት እመቤት ዘንድ ገብታለች፣ ሥራዋ ከአሮጊቷ ጋር ባሕር እያዩ መቀመጥ ነው። ከዚያ ወዲህ በበዓል፣ በለቅሶ ስንገናኝ በአገጭ ነው ሰላም የምንባባለው። አንዴ ልታናግረኝ ጠጋ አለች፤ ስልኬን አየሁ። ስልኬ ባትሪው አልቆ ጠፍቶ ነበር፣ ቢሆንም በደንብ አየሁት።

አርብ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ዲዋኒያ ገቡ። እኔ ወጥ ቤት ታብሌቱን ከስኳሩ ዕቃ ጋር አስደግፌ ሻይ አፈላለሁ፤ ኑራ ፎቅ ላይ ናት። ሴቶቹ መግባት ጀመሩ። ጌሙ ስም አስገቡ ሲል ሌላው ሰው አንበሳ፣ ማዕበል ይላል፤ የኛዎቹ ትክክለኛ ስማቸውን ከነሰፈራቸው ጻፉ። ከአንዷ ራስ በላይ "አስካለ ነኝ ሳልሚያ" የሚል ሲንሳፈፍ አየሁ። እትዬ አስካለ በዚህ ከተማ ተጠርታም ሳትጠራም የምታስታርቅ ሴት ናት። ከኋላዋ "ዘይነባ ፊንጣስ" መጣች። ማን ነገራት? ግሩፑ ውስጥ እንዳለች ረስቼ ነበር፤ መልእክቷን ሳላዳምጥ አጥፍቼ አጥፍቼ።

ገቡና ግቢው ላይ ቆሙ። አይንቀሳቀሱም። ሰላምታ ላይ ናቸው። እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ፣ ጤና ነሽ፣ ማዳምሽ ደህና ናት፣ ልጆቿስ፣ ያ ወገብሽ እንዴት ሆነ። አንዷ ጨርሳ ልትሄድ ስትል ሌላዋ ትገባለች፣ እንደገና ይጀመራል። የማሌዢያው ልጅ ወዳጆች ፋኖሳቸውን ይዘው ይዞሯቸዋል። ከዲዋኒያ የባባ ድምፅ ተሰማኝ፤ ለምን አይሄዱም ይላል። ኑራ ከላይ ጻፈችልኝ፣ ኻላ ውጪ፣ አስፈራሪያቸው።

ቀሚሴን እየጎተትኩ ወጣሁና ቁልፉን ነካሁ። በርሜሉ "መጣሁ" አለ።

ፈረንጁም አረቡም ማሌዢያውም ተፈተለከ። የኛዎቹ ግን ሁሉም በአንድ አፍ "እሺ፣ ቶሎ ነይ" አሉና ተቀመጡ።

ምን ያድርጉ? እኛ ዘንድ መጣሁ የምትለው የምትሄድ ሴት ናት። ጭራቋ ደርሳ መመለሷ ነው ብለው ፋኖሳቸውን አስቀምጠው ወሬያቸውን ቀጠሉ። እኔም እየዞርኩ አጠፋሁባቸው። ተንጫጩ። አንዷ፣ መጣሁ ብለሽ አልሄድሽም እንዴ፣ ይሄ ማታለል ነው አለች። እንደገና ለኮሱ፣ እንደገና መጣሁ አልኩ፣ ልማድ ነውና እንደገና ቶሎ ነይ አሉኝ። ይህን ጊዜ አንድ ሳቅ ሰማሁ። ያን ሳቅ አውቀዋለሁ።

"አትስጉ" አለች ዘይነባ፣ "መጣሁ ያለች ሴት መች መጥታ ታውቃለች?"

ይህን ማንም ሊናገረው ይችል ነበር። ያ አፍ ግን ሊናገረው አይገባም ነበር። ኑራንም ራይንም ረሳሁ። የሌላውን ሰው ፋኖስ ሁሉ ትቼ እሷን ብቻ ማባረር ጀመርኩ። ደረጃ ወጣች፣ ወጣሁ። ወረደች፣ ወረድኩ። ባሕር ውስጥም ፈጣን ናት። ሌሎቹ ምን እንደተፈጠረ ለማየት ከኋላችን ተከትለው ይሮጣሉ፣ ባዕዳኑም ተከተሉ። በመጨረሻ ከጣሪያው በታች መውጫ የሌለው ክፍል ውስጥ አገኘኋት። አትንኪው የተባልኩትን ቁልፍ ተጫንኩ።

"አንቺ አይደለሽም መጣሁ ብለሽ የሄድሽው?" አልኩ። በርሜሉ ቤቱን አናወጠው። "ምሳሽን ከድኜ፣ ሽንት ቤት ናት እያልኩ የዋልኩት ለማን ነበር?"

አንዷ በቀስታ "ጭራቋ አማርኛ ትችላለች" አለች።

"በርሜል ብትገቢም ድምፅሽን አውቀዋለሁ" አለች ዘይነባ።

ያኔ እትዬ አስካለ ቁጭ በሉ አለች። ሴቶቹ በሙሉ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። የቱኒዚያውና የማሌዢያው ወዳጆች ነገሩ የጌሙ ሥርዓት መስሏቸው እነሱም ፋኖሳቸውን አቅፈው ተቀመጡ። ጭራቅና ተበዳይ፣ ይቅርታ፣ ጭራቅና በዳይ መካከል ላይ ቆምን። ኑራ ኻላ ምን እየሆነ ነው፣ መብራቱን አጥፊ፣ መግሪብ ሊደርስ ነው፣ ይወጡብኛል እያለች ትጽፋለች። ልመልስላት ስል ባባ ተጣራ። ሻይ የፈለገ መስሎኝ ማንቆርቆሪያውን ይዤ፣ ታብሌቱን በሻርፔ ሥር ሸሽጌ ሄድኩ።

ሻይ አልነበረም የፈለገው። ሽማግሌዎቹ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግተዋል። ይህ ያንቺ ቋንቋ ነው፣ ኡም ዘላም ምን አለች ብሎ ጠየቀኝ። ጭራቋ እኔ መሆኔን ማንም አልነገረውም። እኔም ተረጎምኩ። ባባ፣ ጭራቋ በጣም ተበድላለች አልኩ። ታሪኩን ዘርዝሬ አስረዳሁ፤ ልብስ የሚተኮስበትን ክፍል ጥቂት አሞቅኩት፣ ምሳውንም ዶሮ አደረግኩት። የሶላት መቁጠሪያቸውን፣ ምስባሓቸውን የሚቆጥሩ አንድ አዛውንት ራሳቸውን ነቅንቀው እውነት ከጭራቋ ጋር ናት አሉ። ስንት ዓመት የፈለግኩት ፍርድ፣ በማያውቁኝ ሽማግሌ አፍ፣ ማንቆርቆሪያ እንደያዝኩ ደረሰልኝ።

በቴሌቪዥኑ እትዬ አስካለ ለምን ሄድሽ ብላ ጠየቀች።

"እነ አሮጊቷ የሚፈልጉት አንድ ሰው ብቻ ነበር" አለች ዘይነባ። "ወላሂ፣ ልነግራት በሩ ላይ ዞሬ ነበር። አትሂጂ ብትለኝ እቀር ነበር። እንዳትለኝ ፈርቼ መጣሁ አልኳት።"

ባባ ምን አለች አለኝ። ድምፁ አልተሰማኝም አልኩ። ሻዩን ቀዳሁ፤ ፊንጃኑ ሞልቶ ፈሰሰ።

"እንዲህ ከሆነ ለምን አልተመለስሽም?" አለች እትዬ አስካለ።

"አንድ ቀን ሲያልፍ አፈርኩ፣ ሌላው ሲጨመር ባሰብኝ። ደግሞ" አለች ዘይነባ፣ ያ ሳቋ ድምፅዋ ውስጥ ገባ፣ "መጣሁ አልኩ እንጂ በስንት ሰዓት አላልኩም። ይኸው፣ አሁን መጣሁ።"

ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። ለካ በሻርፔ ሥር አውራ ጣቴ ያን ቁልፍ ተጭኖታል። ሳቁ አንዴ ከአፌ፣ አንዴ ከቴሌቪዥኑ በበርሜል ወጣ። ሽማግሌዎቹ ጭራቋን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ፣ እንደገና ጭራቋን አዩ። ምስባሓው ቆመ። ያን ጊዜ ከመስጊዱ የመግሪብ አዛን ተሰማ።

ከሰመጠው ቤት አንድ ሰው አልወጣም። ኑራ ከፎቅ እየሮጠች ወርዳ በሩ ላይ ቆማለች፤ ትንፋሿ ይሰማል። ባባ ለሶላት ተነሣ፣ ወዳጆቹም ተነሡ፣ ግን ማንም እግሩን አላነሣም።

"ታረቃችኋል?" አለኝ ባባ።

"እያሰብኩበት ነው" አልኩት።

"እንግዲያው አስቢ፣ እንጠብቃለን" አለ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሮ ለእሑድ ሌላ ሠራተኛ እፈልጋለሁ አላትና ጫማውን ፍለጋ አጎነበሰ፤ ፊቱን እንዳናይበት ይመስለኛል። ኑራ አቀፈችኝ። ሻይ እንዳይፈስባት ገፋኋት፤ ሻዩ ግን ቀድሞ ፈስሶ አልቆ ነበር።

ጌሙ አሁን በየአርቡ ይከፈታል። ባዕዳኑ ሁሉ "ቶሎ ነይ" ማለትን ለምደዋል፤ ትርጉሙን አያውቁትም፣ ጸሎት የሚመስላቸውም አሉ። ከዘይነባ ጋር ታርቀናል፤ ባለፈው ፊንጣስ ሄጄ ከእሷ ጋር ባሕር እያየሁ ተቀምጫለሁ፣ እውነትም ጥሩ ሥራ ነው። አርብ ሲደርስ ግን ቀሚሴን አጥልቄ ስወጣ፣ ስንት ፋኖስ በፊቴ እየነደደ፣ መጀመሪያ የማጠፋው የእሷን ነው። እርቅ እርቅ ነው፤ ሥራ ደግሞ ሥራ።